የድራማው 11ኛ ክፍል ላይ ነበርኩ

ዛሬ ከሥራ ገብቼ የጀመርኩትን የኮሪያ ድራማ ልቀጥል አፑን ስከፍት ድራማው የለም። ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው። አገልግሎቱን አንድ ትልቅ ኩባንያ ከገዛው ወዲህ የሆነ ነገር ሳይጎድል የሚያልፍ ወር የለም። በጣም ከፋኝ።

ድራማፊቨር የሚባለው የድራማ ማሳያ ድረ ገጽ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር የእስያ ድራማ ወዳጆች ቤት ነበር። በ2014 የጃፓኑ ኩባንያ ሶፍትባንክ ገዛው። በ2016 ወደ ዋርነር ብራዘርስ ዞረ። ኦክቶበር 16 ቀን 2018 ተዘጋ። በቃ።

ለትልቅ ኩባንያ እንዲህ ያለ አገልግሎት ከብዙ ሥራዎቹ አንዱ ነው። የስርጭት መብት ሲወደድ ቶሎ የሚቆረጠውም እሱ ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ አልሆነም። ቪኪ የሚባለውን ሌላ የድራማ ማሳያ የጃፓኑ ኩባንያ ራኩተን በ2013 ቢገዛውም፣ በጎ ፈቃደኞች ዛሬም በብዙ ቋንቋ የትርጉም ጽሑፍ ይሠሩበታል። እነዚህን ሰዎች እንዴት እንደምወዳቸው! ወንድ ታላቅ እህቱን «ኑና»፣ ሴት ደግሞ «ኦኒ» እንደምትል ያወቅኩት እነሱ በቅንፍ ከሚጽፏት ማብራሪያ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚሠራው ድራማውን የሚወድ ሰው ብቻ ነው።

ማታ ደብተር አውጥቼ እስከዛሬ ያየኋቸውን ድራማዎች ስም መጻፍ ጀመርኩ። 43 ደርሻለሁ። የጠፋውን የት እንደማገኘው የምታውቁ ንገሩኝ።