በረንዳችን ፊልም ውስጥ የገባ ቀን

እማዬ ድራማ የምታየው እያወራች ነው። ተዋናይዋ በሩን ልትከፍት ስትል «ተይ፣ እንዳትከፍቺ!» ትላታለች። ባልየው ሲዋሽ «ትናንት ሌላ ነበር ያልከው» ብላ ታፋጥጠዋለች። ድሮ ያናድደኝ ነበር። አሁን ግን ዝም ካለች ድራማው እንዳልጣማት አውቃለሁ። ሰሞኑን ብዙ ዝም ትላለች።

የምንኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ከበረንዳችን ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ይታያል። ማታ ማታ የከባድ መኪኖቹ መብራት ተያይዞ ይሄዳል። ከብሎኮቹ ወዲያ ገና ሕንፃ ያልደረሰበት ማሳ አለ። መስከረም ላይ አረንጓዴ ነው፣ ኅዳር ላይ ይታጨዳል። አንድ ልጅ ከብቶቹን በኮሚናሉ ጎን ይነዳል። ከሱ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰውዬው ዲሹን ያስተካክላል፤ ሚስቱ ከውስጥ «መጣ! አይ፣ ጠፋ!» እያለች ትጮኻለች። ይህን ባየሁ ቁጥር ካሜራ ያለው ሰው እዚህ ቢቆም እላለሁ።

ፊልም በጣም ስለምወድ ነው የሚከነክነኝ። በከተማው ዳር ይህ ሁሉ ሰው እየኖረ ድራማዎቻችን ውስጥ የለም። ድራማ ሲከፈት የሚታየው ሰፊ ሳሎን ነው። ደረጃው ይዞራል፣ ሶፋው ነጭ ነው። ዘበኛው በር ይከፍታል፣ ሠራተኛዋ ጭማቂ ታቀርባለች። ሰዎቹ ምን ሠርተው እንደሚበሉ አይታወቅም። እርግጥ ጠባብ ቤት ውስጥ መብራትና ካሜራ ማስገባት ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። ጎረቤት በርበሬ ሲወቅጥ ድምፅ መቅዳትም ፈተና ነው። ግን ያ ወቀጣ እኮ የኛ ድምፅ ነው። ለምን ይወጣል?

ድምፅ ካነሳሁ አይቀር፣ ማጀቢያ ሙዚቃው ያስመርረኛል። እናት ልጇን አቅፋ ስታለቅስ ፒያኖ ይገባል። ገና እንባዋ ሳይወርድ ዋሽንቱ ይከተላል። ተዋናይዋ ጎበዝ ከሆነች ተዉአት፣ እኛ ራሳችን እናልቅስ። ጎበዝ ካልሆነችም ዋሽንቱ አያድናትም። አንዴ እማዬን ከተማ ሲኒማ ቤት ወስጃት ነበር። ሁለት ታክሲ ቀይረን ሄድን። ድምፅ ማጉያው ሙዚቃውን ያጮኸዋል፣ ንግግሩን ይውጠዋል። እማዬ ግማሹን ሳትሰማ ወጣች። ከዚያ ወዲህ «ቤቴ ይሻለኛል» ብላለች፤ አልፈርድባትም።

«ሰው ለሰው» ድራማ በቴሌቪዥን በሚታይበት ጊዜ ካዛንቺስ ነበርን። ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰባል። አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ብቅ ሲል ቤቱ እርጭ ይላል። አስናቀን ሁላችንም እንጠላዋለን፣ ግን ዓይናችንን ከእሱ መንቀል አንችልም። እኔን የሚያስፈራኝ ዝምታው ነበር። ዛሬ ክፉ ሰው የሚጫወቱ ብዙዎቹ ይጮኻሉ። ጩኸት ቶሎ ይለመዳል።

ከዚያ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን መጣ። የቱርኩ «ጥቁር ፍቅር» በአማርኛ ድምፅ እየተናገረ ቤታችን ገባ። ያኔ ብዙ የፊልም ባለሙያዎቻችን ተቆጥተው ነበር። ቁጣቸው ይገባኛል፤ እንጀራቸው ነው። ቢሆንም ከዚያ ድራማ መውሰድ የነበረብን አንድ ነገር ነበር። ቱርኮቹ ከተማቸውን ያሳያሉ። ገበያውን፣ ጀልባውን፣ ባሕሩን። እማዬ ኢስታንቡልን ረግጣ አታውቅም፣ ግን ድልድዩን ስታይ ታውቀዋለች። የኛን አቃቂ ድልድይስ በድራማ አውቆት የመጣ እንግዳ አለ?

የኛ ሰዎች ሲፈልጉ እንደሚችሉ ግን አይቻለሁ። የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ሦስት ጊዜ አየሁት። በ2007 ዓ.ም. ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋዊው ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሽልማትና ፌስቲቫል አይደለም። ኤፍሬም የሚባል ትንሽ ልጅ እናቱ ሞታበት፣ አባቱ ዘመድ ቤት ጥሎት ከተማ ይሄዳል። የቀረችው ቹኒ የምትባል በግ ናት። አጎቱ ለበዓል ሊያርዳት ይፈልጋል። ልጁ ደግሞ ምግብ መሥራት ይወዳል፤ አጎቱ ይህንንም እንደ ውርደት ያየዋል። እማዬ ያን ቀን አፏ አልተዘጋም። «ታዲያ ወንድ ልጅ ቢሠራ ምን አለበት? አባትሽ ሽሮ ይሠራ አልነበር?» አለችኝ። አባቴን ካነሳች ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር።

«ቁራኛዬ»ንም እወደዋለሁ። የሞገስ ታፈሰ ፊልም ነው። በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ በአንድ ሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። ሁለት ጠላት አብሮ ይሄዳል፣ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ያድራል። ከዚህ የበለጠ ለድራማ የሚመች ነገር ከየት ይመጣል? መኪና ግጭት አያስፈልገውም፤ ሰንሰለቱ ይበቃል። አማርኛውም ለጆሮ ይጥማል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ሌላ ነው፤ ስለሱ ለብቻው ካልሆነ አልጽፍም። እናትየውን ሆነው የተጫወቱትን ሴት ፊት ግን እስከዛሬ አልረሳሁም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ባለፈው ወር «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» የሚለውን ዘጋቢ ፊልም አየን። ሺንያን ዩ እና ማክስ ደንካን የሠሩት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ትራይቤካ ፌስቲቫል ላይ ታይቷል። የተቀረጸው ዱከም ነው። ዱከም ማለት ከኛ በረንዳ የሚታየው መንገድ የሚያልፍበት ከተማ ነው። እዚያ ቻይናዎች የከፈቱት የኢንዱስትሪ ዞን አለ። ፊልሙ ሦስት ሴቶችን ለዓመታት ይከተላል። አንዷ ዞኑን የምትመራ ቻይናዊት ናት፣ አንዷ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ አንዷ መሬቷን ለዞኑ የለቀቀች ገበሬ።

ከኛ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ አለች። እሷም ከዚያ ወዲያ ፋብሪካ ትሠራለች። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ሰርቪስ ትጠብቃለች። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አድርገን ሦስታችንም ተደርድረን ተቀመጥን። ሠራተኞቹ ተሰልፈው ሲገቡ ልጅቷ ብድግ አለች። «እትዬ፣ ይሄ እኮ የኛ ነው!» አለች። ደግማ አሳየችን። ሰልፉን፣ ጭቃውን፣ የሴቶቹን አረማመድ። ልጅቷ ፊልም ላይ ራሷን የሚመስል ሰው አይታ አታውቅም። ያን ቅጽበት ባየችበት ዓይን ነው እኔ ይህን የምጽፈው።

ፊልሙ ማንንም ሰይጣን አያደርግም። ቻይናዊቷ ትለፋለች፣ ልጇ ትናፍቃታለች፣ የቤቷ ነገር ያስጨንቃታል። ገበሬዋ ቃል የተገባላትን መሬት ትጠብቃለች። የምትናገረው በቀስታ ነው። ካሜራው ፊቷ ላይ ይቆያል፣ አይቸኩልም። ድራማ ሠሪዎቻችን ይህን መቆየት ቢወስዱ ደስ ይለኛል። ታሪኩ ዱከም ነበር፤ ቱሉ ዲምቱም አለ፣ ኮዬ ፈጬም አለ፣ ለገጣፎም አለ። የሚሠራው ሰው ነጭ ሶፋ መግዛት እንኳ አይጠበቅበትም።

እማዬ መጀመሪያ ላይ ዝም አለች። ደንገጥ ብዬ ነበር፤ ዝምታዋን አውቀዋለሁና። ገበሬዋ ስለ መሬቷ ስታወራ ግን ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አለች። «ወረቀት አጽፊ፣ የኔ እናት። በአፍ ብቻ እንዳትቀበዪ» አለቻት።

ከዚያ እስከ መጨረሻው አላቆመችም።

ሲያልቅ የመጨረሻው ጽሑፍ እየወረደ «ቀጣዩ ክፍል መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ፊልም ስለሆነ ቀጣይ ክፍል እንደሌለው ነገርኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ በረንዳው ወጣች። መኪኖቹ መብራታቸውን አብርተው ወደዚያ እየሄዱ ነበር።

«አሁን ያቺ ሴትዮ እንዴት ሆና ይሆን?» አለች። «ዱከም እኮ ቅርብ ነው።»