ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ ያለው ታንክ

ዉስተር፣ ማሳቹሴትስ ቤት ስንገዛ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስለ ጣሪያው ነው። ስለ ነዳጅ ታንኩ ማንም ትንፍሽ አላለም። እዚህ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤት የሚሞቀው በነዳጅ ነው። የተለመደው ታንክ 275 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 1,040 ሊትር ይይዛል። ያ ሁሉ ነዳጅ ከምንተኛበት በታች!

የብረት ታንክ ብዙ ጊዜ የሚበላው ከውስጥ ነው። የአየሩ እርጥበት ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ ዝገቱም እዚያው ይጀምራል። ታዲያ ከላይ ቀለም መቀባት ምን ይረባል? እኔ በየጊዜው ባትሪ ይዤ ወርጄ ከሥሩ እዳብሳለሁ። እርጥበት ካገኘሁ ቴክኒሻን እጠራለሁ።

ከታንኩ ይልቅ የምትሰጋኝ ግን ወደ ማሞቂያው የምትሄደው ቀጭን የመዳብ ቱቦ ናት። በአሮጌ ቤቶች ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብራ ትገኛለች። ብትበሳ ማን ያያታል? የማሳቹሴትስ ሕግ በነዳጅ የሚሞቀውን አብዛኛውን ቤት ለቱቦዋ መከላከያ ሽፋን ወይም መስመሩ ሲፈስ የሚዘጋ ቫልቭ እንዲያስገባ ያስገድዳል። ቀነ ገደቡ እ.ኤ.አ. በ2011 አልፏል። ቤት የምትገዙ፣ ይህን ሳታዩ አትፈርሙ።

ነዳጅ ሲቀዳ ከታንኩ አየር መውጫ ፉጨት ይሰማል፤ ታንኩ ሲሞላ ያቆማል። ከመጀመሪያው ፉጨት ከሌለ መሙላቱ ይቁም።

አንድ ጎረቤቴ በቅርቡ ወደ ጋዝ ቀይረው ታንኩን አስወጡ። ከውጭ ያለው መሙያ ቧንቧ ግን እንዳለ ነው። «ጋሼ፣ እሱም ይነቀል እንጂ! አድራሻ የተሳሳተ ሾፌር መጥቶ ነዳጁን ቤዝመንትዎ ውስጥ ቢለቀውስ?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። ግን አስነቀሉት።