ሲስተር ወንዙን ቆየት አደረገችው

ሸዋሮቢት አካባቢ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) የገባ ሰሞን ከአንድ የሽንኩርት እርሻ ተደወለልን። የቀን ሠራተኞቹን ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው አድሯል። ስንደርስ የአንዱ ወጣት ዓይን ሰርጉዷል። የእጁን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ተጨማዶ ቀረ። ለእሱ ሪንገር የሚባለውን በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሰቀልንለት፣ ለሌሎቹ ኦአርኤስ የሚባለውን የሚጠጣ የጨውና የስኳር ዱቄት በጠበጥን።

የእርሻው ኃላፊ ጣቱን ወደ ወንዙ ቀሰረ። «ከዚያ ነው የመጣብን!» ከእኛም አንዱ የናሙና ጠርሙሱን ይዞ ሊሮጥ ሲል ሲስተር አስቆመችው።

«ወንዙ የትም አይሄድ። መጀመሪያ ማን ከየት እንደመጣ እንጠይቅ።»

እውነቷን ነው። እንዲህ ያለውን አተት የሚያመጣው የኮሌራ ባክቴሪያ ሰው በሌለበትም ውሃ ውስጥ ይኖራል፤ በተለይ ወንዝና ባሕር በሚገናኙበት ጨዋማ ውሃ፣ ጥቃቅን እንስሳት ላይ ተለጥፎ። ከ200 በላይ ዝርያ ሲኖረው ወረርሽኝ የሚያስነሱት ግን ኦ1 እና ኦ139 የሚባሉት ናቸው። ስለዚህ «ወንዙ ውስጥ ተገኘ» ብቻውን ብዙ አይናገርም። አሁንም ያልለቀቀን ሰባተኛው የዓለም ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1961 ከኢንዶኔዥያ ተነሥቶ በ1970 አፍሪካ ገባ፣ በ1991 ፔሩ ደረሰ። የዘረመል ምርመራ እንዳሳየው ከእስያ ወደ አፍሪካ ደጋግሞ የገባው በሰው ሆድ ተሳፍሮ ነው።

ስንጠያይቅ ከሌላ ወረዳ በቅርቡ የመጣ ልጅ «እኔንም ትንሽ ቆርጦኝ ነበር፣ ወዲያው ለቀቀኝ» አለ። የዚህ በሽታ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ከተያዙት አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው ባክቴሪያውን በሰገራቸው ያስወጣሉ፣ እስከ 10 ቀን ድረስ። ልጁ ምን ያድርግ? እርሻው መጸዳጃ ቤት የለው፣ እጅ መታጠቢያ የለው።

የሚጠጡት ደግሞ ከሰማያዊ በርሜል ነው። አፉ ላይ የቆርቆሮ ኩባያ በሽቦ ታስሯል። የመጣው ሁሉ እጁን እስከ አንጓው እየነከረ ይጠልቃል። ውሃው እኮ ከቦኖ የተቀዳ ንጹሕ ውሃ ነበር!

የታማሚዎቹ ሰገራ ተመርምሮ ኦ1 ሆኖ መጣ። በርሜሉ ታጥቦ ክዳንና ቧንቧ ተገጠመለት፣ «ውሃ አጋር» የሚባለው የውሃ ማከሚያ ክሎሪንም ተጨመረበት። መጸዳጃው ላይ ግን ኃላፊው አቅማማ።

«ሽንኩርቱ ሳይነሳ ጉድጓድ ላስቆፍር?»

«ልጆቹ ከተኙብህ ማን ሊያነሳልህ ነው ወንድሜ?» አለችው ሲስተር።

በማግስቱ ቁፋሮ ተጀመረ። የወንዙን ናሙና የወሰድነው ከዚያ በኋላ ነው።