ያልነበረባቸው ቀናት

ዛሬ እንዲሁ ከፍቶኝ ነው የዋልኩት። ደመናው ይሁን ድካም እንጃ። ስለሱ ልጽፍ ቁጭ ስል የጤና ተቋማችን ፋርማሲ የሁለት ወሩ የመድኃኒት ሪፖርት ትዝ አለኝና ሐሳቤ እዚያው ቀረ።

የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጹ ላይ አንዲት ጠባብ ዓምድ አለች፤ መድኃኒቱ ያልነበረባቸው ቀናት የሚሞላባት። ስንቱ ባዶዋን ያልፋታል! አሞክሳሲሊንን እንውሰድ። በ60 ቀን 400 ፓኬት ወጣ፣ 20ውን ቀን ግን መደርደሪያው ባዶ ነበር። ዓምዷ ካልተሞላች 400ው ለ60 ተካፍሎ በ120፣ ማለትም በአራት ወር ቀናት፣ ይባዛል፤ ልንይዝ የምንችለው ጣሪያ 800 ይሆናል። ከተሞላች የሚካፈለው ለ40 ነው፤ 1,200 ይመጣል። ከዚህ ላይ በእጅ ያለው ተቀንሶ ይጠየቃል። ቀኖቹን ማግኘት ከባድ አይደለም፤ ቢን ካርዱ (የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) ላይ ቀሪው ዜሮ ከሆነበት ቀን እስከ ቀጣዩ ገቢ መቁጠር ነው። ካልቆጠርን ትንሽ ጠይቀን ትንሽ ይመጣል፣ ቶሎ ያልቃል፣ በሚቀጥለው ሪፖርት ፍጆታው ይብስ ያንሳል። ወረቀቱ በሽተኛ ቀነሰ ይላል። በሽተኛው ግን ከግል ፋርማሲ በውድ እየገዛ ነው፣ ወይም ጭራሽ ሳይገዛ ቤቱ ገብቷል።

ደግሞ ዓምዷ ብትሞላም ቀመሩ ወደ ኋላ ነው የሚያየው። የሐምሌና የነሐሴ ፍጆታ የመስከረምን ወባ ከየት ያውቃል? የአምናውን ካርድ ገልጦ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር የወጣውን ደምሮ፣ ምክንያቱን ጽፎ ጭማሪ የሚጠይቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። መድኃኒት ማደል ብቻ ሥራችን ነው ብለን የምናስብ ከሆነ ይህን ማንም አይሠራልንም።

የዘንድሮው ጭንቀቴ ግን ገንዘቡ ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሬ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ በድሮው ዋጋ የሸጥነው ካርቶን ገንዘቡ ያንኑ ካርቶን አይተካም። የሽያጩ ገንዘብ ተመልሶ መድኃኒት የሚገዛበት ተዘዋዋሪ ፈንድ እየዞረ ይሳሳል። ጥር 2017 የአሜሪካ እርዳታ ሲታገድ ደግሞ የፕሮግራም መድኃኒት (የኤችአይቪ፣ የቲቢ፣ የወባ) ሁሌም በነፃ ይመጣል የሚለው እምነታችን ተናጋ። የጤና መድኅን ክፍያ ሲዘገይ ደግሞ በእጃችን ያለው ጥሬ ገንዘብ ይበልጥ ያጥራል።

የቀጣዩን ግዥ ዋጋ ገምተን ከአሁኑ ብንጨምር መድኅን የሌለው በሽተኛ ማዘዣውን ይዞ ይመለሳል። ባንጨምር ከጥቂት ወር በኋላ ለሁሉም መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ለመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴው የትኛውን ይዤ ልግባ?