ፀሐይ ናት ወይስ ሶኬቱ?

በፀሐይ ብርሃን ውሃን ሰንጥቆ ሃይድሮጅን በማግኘት ሥራ ጋዝ ማውጣቱ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ዋናው ጥያቄ ጋዙ በእርግጥ ከፀሐይ መምጣቱ ነው።

ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች አኪራ ፉጂሺማና ኬኒቺ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ውሃን በብርሃን ለመሰንጠቅ የተጠቀሙበት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ሳይበላ ይቆያል። ነገር ግን የሚውጠው አልትራቫዮሌቱን ብቻ ነው፤ ይህም ከፀሐይ ጉልበት 5 በመቶ ገደማ ነው። ብዙዎች ወደ ሄማታይት፣ ወደ ቀዩ የብረት ኦክሳይድ፣ የዞሩት ለዚህ ነው። ርካሽ ነው፣ እስከ 590 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ብርሃንም ይውጣል። ችግሩ ብርሃኑ የሚፈጥረው ፖዘቲቭ ቻርጅ ጥቂት ናኖሜትር ተጉዞ መጥፋቱ ነው፤ ብርሃኑን አሟጦ ለመዋጥ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ናኖሜትር ያስፈልጋል። ስለዚህ ቀጫጭን የቆሙ ዘንጎች ይበቅላሉ፦ ብርሃኑ በቁመታቸው ይገባል፣ ቻርጁ በጎናቸው በአጭሩ ወደ ውሃው ይወጣል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። 0.15 ሞላር (በሊትር 0.15 ሞል) ፌሪክ ክሎራይድና 1 ሞላር ሶዲየም ናይትሬት ይደባለቃል፤ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) በሃይድሮክሎሪክ አሲድ 1.5 ላይ ይስተካከላል። ፍሎሪን ባለው የቆርቆሮ ኦክሳይድ የተቀባ መስታወት፣ የተቀባው ፊቱ ወደ ታች ሆኖ፣ ዘንበል ተደርጎ ይገባል፤ ወደ ላይ ከሆነ ዝቃጩ ይተኛበታል። በ100 ዲግሪ 6 ሰዓት ሲቆይ ቢጫ ሽፋን ይይዛል። ታጥቦ በ550 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ሲጋገር ይቀላል። ቀጥሎ 20 ደቂቃ በ800 ዲግሪ፦ ከመስታወቱ ቅብ የሚሰርገው ቆርቆሮ ሄማታይቱ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል። ይህ ደረጃ ከተዘለለ በብርሃን የሚገኘው ከረንት እጅግ አነስተኛ ነው፤ ከተራዘመ ደግሞ መስታወቱ ይጣመማል።

የከረንቱ ልኬት በ1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ፣ በካሬ ሴንቲሜትር 100 ሚሊዋት ብርሃን ይካሄዳል። ከመስታወቱ ጋር የተያያዘው የመዳብ ሽቦ ወይም የብር ማጣበቂያው ፈሳሹን ከነካ ብረቱ እየተበላ ከረንት ይሰጣል፤ ቁጥሩ ያምራል፣ ጋዝ ግን የለም። መብራቱን ማጥፋትና ማብራት የመጀመሪያው ፍተሻ ነው። ወሳኙ ግን ጋዙን መለካት ነው፦ 1 ሚሊ አምፒር በአንድ ሰዓት፣ በ25 ዲግሪና በተለመደው የአየር ግፊት፣ 0.46 ሚሊ ሊትር ሃይድሮጅን መስጠት አለበት። ካነሰ ወይ ዕቃው ያፈሳል፣ ወይ ኦክስጅኑ ሃይድሮጅን ወደሚወጣበት የፕላቲኒየም ኤሌክትሮድ ተሻግሮ እዚያ ተመልሶ ውሃ ይሆናል።

ሄማታይት ብቻውን ሃይድሮጅን ለማውጣት የሚበቃ ቮልቴጅ የለውም፤ ከውጭ ይጨመርለታል። ያ የተጨመረ ኤሌክትሪክ ካልተቀነሰ ውጤቱን የፀሐይ ነዳጅ ብሎ መጥራት አንባቢን ማሳሳት ነው። ትክክለኛው መንገድ ሄማታይቱ ያሳለፈውን ብርሃን የሚጠቀም ሶላር ሴል ከኋላው ማድረግ ነው። ከሶኬት ምንም ሳይገባ ከረንቱ በካሬ ሴንቲሜትር 2 ሚሊ አምፒር ከሆነና ሁሉም ወደ ጋዝ ከተለወጠ፣ ውሃን ለመሰንጠቅ በሚያስፈልገው 1.23 ቮልት ሲባዛና ለ100 ሚሊዋቱ ብርሃን ሲካፈል ብቃቱ 2.46 በመቶ ይሆናል።

ለማከማቸት ሃይድሮጅኑና ኦክስጅኑ ከመነሻው በሜምብሬን (ጋዞቹ እንዳይቀላቀሉ በሚከለክል ስስ ሽፋን) መለየት አለባቸው፤ ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላል። አንድ ኪሎው 33 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ቢይዝም ሳይታመቅ 12 ሜትር ኪዩብ ገደማ ቦታ ይወስዳል፤ ስለዚህ እርጥበቱ ከወጣለት በኋላ በ350 ወይም በ700 ባር ግፊት ይታመቃል።