የእማዬ ስለት
የኔን ሳይሆን የእማዬን ጸሎት ነው የምመሰክረው።

በ1982 የካቲት ምጽዋ ስትያዝ የ20 ዓመት ባሕረኛ ነበርኩ። ወባ ጥሎኝ አሰብ ቀርቼ ነበር። ድሬዳዋ ያለችው እማዬ ግን ይህን አታውቅም። ጎረቤት ከሬዲዮ የሰማውን ሲነግራት ልጇ ምጽዋ ያለ መሰላት። የዚያኑ ዕለት ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተሳለች። «ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ፣ ልጄን ከውኃ ማውጣት ያቅትሃል?» አለችው። ከመልአኩ ጋር እንደዚህ ነው የምታወራው።

በዓመቱ ተራው የአሰብ ሆነ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ፕሬዚዳንቱ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ወጡ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደሚያዝ ጠፋ። መርከቦቹ ወደ የመን ሲወጡ እኛም በአንዲት ትንሽ ጀልባ ተከተልን። ከአቅሟ በላይ ሰው ጭናለች፤ ወታደር፣ ሴት፣ ሕፃን።

እኩለ ሌሊት ላይ ሞተሯ ሳል ሳል አደረጋትና ጸጥ አለች። ወርጄ የነዳጅ ማጣሪያውን ፈታሁት። ዝገትና ጭቃ! የታንከሩን አተላ ስትጠጣ ነው ያመሸችው። በሸሚዜ ጠረግኩት፣ በአፌ ነፋሁት፣ መለስኩት። እምቢ። ደግሜ አየር አስወጣሁላት። እምቢ። ባትሪው እየደከመ ነው። ከላይ አንዱ «እግዚኦ» ይላል፣ አንዱ «ያ አላህ»። እኔ? እውነቱን ልናገር፣ እየተሳደብኩ ነበር። ባትሪው ከዚያ በኋላ የሚችለው አንድ ሙከራ ብቻ ነው። ቁልፉን ስነካው ያዘች።

መካኒክ ጓደኞቼ «አየሩ ወጥቶላት ነው» ይሉኛል። ይሁን። እኔም መካኒክ ነኝ፤ ያ ባትሪ ሞተር የሚያስነሳ አልነበረም።

ሲነጋ የሞካ ነጭ ሚናራ ታየን። ዓለም «ሞካ» የሚለው ቡና ስሙን ያገኘው ከዚህች ወደብ ነው። እኔ ግን ትዝ ያለኝ የእማዬ ረከቦት ነው።

የመን በስደት ከርሜ በ1985 ቤቴ ገባሁ። እማዬ አልቅሳ ሲወጣላት ቁምሳጥኑን ከፈተች። በነጠላ የተጠቀለለ፣ ዘርፉ ወርቃማ የሆነ ቀይ ከፋይ ጥላ አወጣች።

«ሳልመጣ ነው የገዛሽው?» አልኳት።

«ታዲያ! እሱ ሥራውን ሲጨርስ እኔ ገና ገበያ ልወጣ ኖሯል?»

ታኅሣሥ 19 የቁልቢን ዳገት ጥላውን ተሸክሜ ወጣሁ። እሷ ከኋላዬ፣ በባዶ እግሯ፣ «ቀስ በል፣ እንዳትጥለው» እያለች።