የአባባ ጉንዳኖች

አጥንት ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ የገጠመኝ ነው። አንድ የ71 ዓመት አባት ደረጃ ላይ ወድቀው፣ የጭናቸው አጥንት ተሰብሮ ተኙ። ጋቢያቸው ነጭ፣ አንደበታቸው ቁጥብ፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ገና ሳያቸው ወደድኳቸው። ቅጹ ላይ «አልኮል» የሚለው ጋ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋቸውና «የለም» ብዬ ሞላሁ። አልጠየቅኳቸውም። አባቴን «ትጠጣለህ ወይ?» እንደማለት ሆነብኝ።

ሁለት ቀን ደህና ነበሩ። በሦስተኛው ሌሊት ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እስቲ ይሄን ጉንዳን አራግፊልኝ።»

ጉንዳን የለም። እሳቸው ግን ከአንሶላው ላይ አንድ በአንድ እየለቀሙ ወለሉ ላይ ይጥላሉ፤ ደግሞ በጥንቃቄ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ትራሱ በላብ ርሷል። የልብ ምታቸው 130 ገብቷል። «እርጅና ነው፣ ቦታ ተቀይሮባቸው ነው» አለች አብራኝ ተረኛ የነበረችው። እኔም ያንኑ ነበር ያሰብኩት።

ዶክተሩ መጥቶ አያቸውና ወደ ባለቤታቸው ዞረ።

«እማማ፣ አባባ ይጠጣሉ?»

«ኧረ በስማም! ጠላ እንኳ ከተዉ ስንት ዘመናቸው።»

«አረቄስ?»

«እሱማ ለብርዱ ነው። ጠዋት ሁለት መለኪያ፣ ማታ ሁለት።» ትንሽ ዝም አሉ። «ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ቀንም አለች።»

ለብዙ ሽማግሌዎቻችን አረቄ መጠጥ አይደለም። የብርድ፣ የሆድ፣ የእንቅልፍ መድኃኒት ነው። ሰውነት ግን ይህን ሰበብ አይሰማም። ለዓመታት የለመደውን አልኮል ድንገት ሲያጣ፣ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ እንዲህ ያደርጋል። ካልታከመ ሊገድል ይችላል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የሰውነት ውኃ ስለሚቀንስ፣ በ40 ዓመት ምንም ያላደረገች መለኪያ በ70 ታንገዳግዳለች። ያን ጊዜ ነው ደረጃው ትዝ ያለኝ።

የሚያረጋጋው መድኃኒት ዳያዜፓምና ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ተጀመረላቸው። ከቀናት በኋላ ጉንዳኖቹ ጠፉ።

ማንም አልተቆጣኝም። ዶክተሩ ቅጹን ገልጦ «የለም» የምትለዋን ቃል በእስክሪብቶ ነካ አደረጋትና አለፈ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን «ይጠጣሉ?» ብዬ አልጀምርም። «አባባ፣ ይሄን ብርድ በምን ይችሉታል?» እላለሁ። እማማዎችንም እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ መለኪያውን በጣቱ መቁጠር ይጀምራል።